የሰማም የተገዘተ ይሁን

ጋዝጊብላ፣ የአምባው ሚካኤል
መጋቢት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ወልደ ሐዋርያት፣ አበርገሌ።

የመልአኩ ጥበቃ አይለይህና እንዴት ሰነበትክ? ቆላው እንዴት ያዘህ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን። በጨው ነጋዴው የላክኸው ቃል ደርሶኛል። «ደኅና ነኝ፣ አትፈልጉኝ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔና አንተ በአንድ ደበሎ ተጠቅልለን ዳዊት የደገምን፣ በአንድ ቀን ቅስና የተቀበልን ሰዎች ነን። ሰው ሃያ ዓመት የቀደሰበትን ደብር ጥሎ ሲሄድ ለወንድሙ እንኳ «ቸር ሰንብት» አይልም?

ነገሩን ባስበው ባስበው አልገባ አለኝ። የብር መቅረዛችን ከዕቃ ቤት የጠፋው የጥምቀት ማግስት ነው። በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቁሜ ገዘትኩ፤ አንተም መስቀል ይዘህ አጠገቤ ነበርክ። «የወሰደም፣ ሲወሰድ ያየም፣ ሰምቶ የደበቀም፣ መቅረዙ እስኪመለስ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን፤ ከቁርባን ይለይ» ስል አንተው ራስህ «አሜን» ብለሃል። በሳምንቱ ከቅዳሴ ቀረህ። ወዲያው ጓዝህን በአህያ ጭነህ ወረድክ። ሰው ምን የሚል ይመስልሃል? እስካሁን አፋቸውን ይዤልሃለሁ፤ ግን እስከ መቼ?

ያ መቅረዝ እንደ ሌላው ዕቃ አይደለም። ኦሪት «መብራቱ ዘወትር ይብራ» ብላ ያዘዘችውን እኛ በእሱ ነው የምንፈጽመው። በጠላት ጊዜ ጣልያን ቤተ ክርስቲያኑን ሲበረብር እናቴ እማሆይ ወለተ ሐና ገብስ ውስጥ ቀብራ እንዳተረፈችው ስንቴ አውርተንበታል። ከጣልያን የተረፈ በእኛ ዘመን ይጥፋ? አንጀቴን ነው የሚያበግነው።

እማማ ትጠይቅሃለች። ንስሐ አባቷ አንተ ነህና «ወልደ ሐዋርያት የታለ?» እያለች መቆሚያ መቀመጫ ነሥታኛለች። ለእሷ ስትል እንኳ ና።

ወንድምህ አለቃ ገብረ ጻድቅ


አበርገሌ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተወደድከው ወንድሜ ለአለቃ ገብረ ጻድቅ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። ሳልሰናበትህ ስለ መውረዴ ይቅር በለኝ። ብሰናበትህ ዓይንህን ማየት ነበረብኝ፤ ዓይንህን ካየሁ ደግሞ አፌን አላምነውም።

ስለ ኑሮዬ ላልከው፣ ለአንድ ባለ ፍየል እረኛ ሆኛለሁ። ፍየሎቹ ካንተ ይልቅ ይታዘዙኛል። ከሰዓት በኋላ ለልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። ሙቀቱ ነው እንጂ ሰዉ ደግ ነው። «የት ትቀድሳለህ?» ትለኝ ይሆናል። አልቀድስም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፣ በእናትህ።

ይልቅ አንድ ነገር ልለምንህ። ግዝቱን ፍታ። የማንንም ስም ሳትጠራ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «እግዚአብሔር ይፍታ» በላቸው፤ በቃ። መቅረዙ ብር ነው፣ ቢጠፋ ሌላ ይሠራል። በግዝቱ ውስጥ ያለች ነፍስ ግን ሌላ አትሠራም። እባክህ ነገ ዛሬ አትበል።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ለፋሲካ ቆርባለች ወይ? ይህን ሳትነግረኝ እንዳትቀር።

ወንድምህ ወልደ ሐዋርያት


ጋዝጊብላ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ወልደ ሐዋርያት።

ደብዳቤህ በሰኔ መጨረሻ ነው የደረሰኝ፤ መልሱ ስለ ዘገየ አትቀየም። ዝናቡ መንገዱን ይዞታል።

እማማ አልቆረበችም። «አሞኛል» አለች። በፍልሰታ ትቆርቢያለሽ ብላት ወሬ ትለውጥብኛለች። ዕርጅናው ተጫጭኗታል፤ አሁን አሁን አማርኛውን ትታ በኽምጣኛ ብቻ ነው የምታወራ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ደጅ ወጥታ «ጣልያን ደርሷል፣ በሩን ዝጉ!» እያለች ትጮኻለች። ባለቤቴ ጥሩአየሁ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ምን ይደረጋል? አንዳንድ ቀን ግን ልቧ ጥርት ይልና «ወልደ ሐዋርያትን አምጣልኝ» ብላ ታለቅሳለች።

ግዝቱን ፍታ ያልከውን አልቀበልም። ወዲያ ገዝቶ ወዲህ የሚፈታን ቄስ ማን ይፈራዋል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ባለፈው እሑድ ምሳሌ ሰሎሞንን አንሥቼ «አጥብቀህ ልብህን ጠብቅ» የሚለውን ሰበክሁ። ልብ ቤት ነው፣ በሩን ያልዘጋ ይዘረፋል፣ እንደ ዕቃ ቤታችን፤ የተዘረፈ ልብ ደግሞ ጌታ እንዳለው ብርሃኑ ጨለማ ይሆንበታል አልኩ። ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ ሰማኝ። ከመካከላቸው አንዱ ሌባ ነው፤ እስኪናዘዝ ይጨነቅ!

አንተስ ለሌባ እንዲህ መራራት ምን የሚሉት ነው? ጎረቤታችን ጓንጉል በሰው ፊት «ቄሱ ለምን ወረደ?» አለኝ። ተቆጣሁት። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው ተከትሎኝ ገባ። ወንድሜ፣ ቁርጡን ንገረኝ። መቅረዙን ወስደሃል ወይስ አልወሰድክም?

ገብረ ጻድቅ


አበርገሌ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአለቃ ገብረ ጻድቅ።

ቁርጡን ንገረኝ ብለሃል። መቅረዙን አልወሰድኩም። ሲወሰድም አላየሁም። ይህን ከእኔ መጠየቅህ ጎድቶኛል፤ ቢሆንም በጥርጣሬ ከምታድር መጠየቅህ ይሻላል።

ስብከትህን ወደድኩት፤ ግን እንደ ድሮው ልከራከርህ። ሰሎሞን «የሕይወት መውጫ ከእርሱ ነውና» ብሎ ነው የጨረሰው። መውጫ አለ እንጂ መግቢያ አላለም። ዘበኛ የሚቆመው ለሚገባው ብቻ ነው ያለህ ማነው? ለሚወጣውም ነው። ሰው ልቡ ውስጥ የራሱ ያልሆነ አደራ ይኖረዋል፤ እሱን ካፈሰሰ በሩን ቢዘጋ ባይዘጋ ምን ይጠቅመዋል? ከዚህ በላይ አልልም፤ ሆድ ይፍጀው።

እንደገና እለምንሃለሁ። በልጅነታችን ስለ በላነው ኩርማን እንጀራ፣ ግዝቱን ፍታ። የእኔን ስም ብታጠፋም አጥፋ፤ ሌባ ነው በል፣ ግድ የለኝም። ብቻ ፍታ። እማማ ከመሞቷ በፊት መጥቼ ላያት እፈልጋለሁ፤ እንደ ካህን እንጂ እንደ እንግዳ አይደለም።

ወልደ ሐዋርያት


ጋዝጊብላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለቄስ ወልደ ሐዋርያት።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «አልወሰድኩም፣ ሲወሰድም አላየሁም» ብለዋል። ደጋግሜ አነበብኩት። እዚያ ላይ ቆመዋል። «የሰማሁትም የለም» የሚለውን ቃል ፈልጌ አጣሁ። እኔ ሦስቱን ነው የገዘትኩ፤ እርስዎ የመለሱልኝ በሁለቱ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

እንግዲያስ ሌባውን ያውቁታል። አውቀው ይሸሽጉታል። ዘመድ ይሁን ወዳጅ እግዚአብሔር ይወቀው። በግዝቱ የታሰሩ መሆንዎን በገዛ እጅዎ ጽፈው ሰጥተውኛልና መቅረዙን ወይም የሌባውን ስም ሳይዙ ከእኔ ፍታት አይጠብቁ። ይህንኑ ለካህናቱ ሁሉ ነግሬአለሁ።

እማሆይ አልቆረበችም። ሌላ ካህን ባመጣላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችበት። «ከወልደ ሐዋርያት በቀር» አለች። እንግዲህ ደስ ይበልዎ።

አለቃ ገብረ ጻድቅ


አበርገሌ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረ ጻድቅ።

ይህን የሚጽፍልኝ አቶ አስማረ ነው፤ ለወባ ማጥፊያ ቤት ለቤት መድኃኒት ሊረጭ ከደሴ የመጣ ደግ ሰው። እጄን ስለሚያንቀጠቅጠኝ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳታስብ።

የእማማን ማረፍ ከሰቆጣ ገበያ ከተመለሱ ሰዎች ሰማሁ። አንተ አልጻፍክልኝም፤ አልፈርድብህም። እግዚአብሔር ያጽናህ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ደጇ የቆምኩ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ቁራሹን ለእኔም ላንተም እኩል የቆረሰች እናት ናት። መምጣት ነበረብኝ። እግሬ አልታመመም፣ መንገዱም አልጠፋኝ። የታሰረ እጅ ግን ሌላውን አይፈታም። ባዶ እጄን መጥቼ አጠገቧ ብቀመጥ ምን እላታለሁ? ቀንም ሌትም የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

በ«እርስዎ» የጻፍክልኝን አልተቀየምኩም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ተቀይሜአለሁ። ያን ዕለት ከፍየሎቹ ጋር ስጣላ ነው የዋልኩ። አሁን አልፏል።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በቀብሯ ፍትሐቱን ያደረሰው ማነው? አንተ ነህ?

ወልደ ሐዋርያት

ይድረስ ለአለቃ። እኔ ጸሐፊው አስማረ ነኝ። ይህን ቄሱ ሳያውቁ ጨመርኩ። እጃቸውን ምንም አላንቀጠቀጣቸውም። አንድ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም እየደከመ ነው። ደብዳቤ ሲመጣላቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ። ለማንም አትንገር ብለውኝ ነበር፤ ይቅርታ።


ጋዝጊብላ፣ መስከረም 5 ቀን 1959 ዓ.ም.

ወንድሜ ሆይ፣

«አንተ» ልበልህ? ልልህ አፍ የለኝም፣ ግን ሌላ ምን ብዬ ልጥራህ።

ለእናቴ ተዝካር ጠላ ልንጠነስስ የትልቁን ጎታ ገብስ እስከ ሥሩ አስወጣነው። እኔና ጥሩአየሁ ብቻ ነበርን። እጄን ወደ ታች ስሰድ ጨርቅ ነካሁ። የእማማ ነጠላ ነው። በነጠላው ውስጥ መቅረዙ ነበረ። ጥሩአየሁ ጮኸች። እኔ እዚያው ገብሱ ላይ ተቀመጥኩ።

ከጣልያን ያተረፈችውን እያነሣሁ በየሰርጉ በየማኅበሩ የተኩራራሁ ሰው፣ ያንኑ ደግማ ስታደርገው አላሰብኩም! «ጣልያን ደርሷል» ስትል እየሳቅሁባት ነበር እኮ። ዕቃ ቤቱ በጥምቀቱ ግርግር ክፍት ቀርቶ፣ ሊወስዱት መጡ ብላ አሸሸችው። ልቧ ሲመለስላት የገዛ ልጇ ሕዝብ አቁሞ ገዝቷል። ልትነግረኝ ፈራችኝ። የት እንዳኖረችው ጠፍቷትም ይሆናል። ሲጨንቃት ለንስሐ አባቷ ነገረች። ያ አንተ ነህ። ዐዋቂ ነኝ ባዩ «የሰማ» ብዬ ስገዝት ንስሐ የሚሰማውን ካህን ሳልለይ ቀረሁ! ሌላ ቄስ ቢሆን «ይህ እኔን አይመለከትም» ብሎ ይቀድስ ነበር። አንተ አሜን ባልክበት ቃል አልቀለድክም። «እኔን ለብቻዬ ፍታኝ» እንዳትለኝም፣ የእኛ ቤት ንስሐ አባት መሆንህን አገሩ ያውቃል፤ ጣት ወደ ቤቴ ይጠቁማል። ይህ ሁሉ ፊቴ ተቀምጦ እኔ ምን አደረግኩ? ሌባ አልኩህ። ወይኔ!

ፍትሐቱን ማን አደረሰ ብለሃል። እኔ ነኝ። አሁን ንገረኝ፣ እናቴ በእኔ ግዝት ታስራ ነው የሞተች? ከዚህ ሌላ የምጠይቅህ የለም። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስምህን ደግሞ እመልሳለሁ። በሕዝብ ፊት ቆሜ «የወሰደችው እናቴ ናት» እላለሁ።

ገብረ ጻድቅ


አበርገሌ፣ ኅዳር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ወንድሜ ገብረ ጻድቅ፣

ፊደሉ እንደ ሰከረ ሰው ቢንገዳገድ አትሳቅ፤ በገዛ እጄ ነው የምጽፍ። ደብዳቤህን አስማረ ማንበብ ጀምሮልኝ ሁለት መስመር ሳይሄድ አስቆምኩት። «ምነው?» አለኝ። «ይሄስ ለእኔ ብቻ ነው» ብዬ ተቀበልኩት። ከዚያ በቀትር ፀሐይ ደጅ እየተቀመጥኩ ፊደል ፊደሉን ለቅሜ ስንት ቀን ፈጅቶብኝ ጨረስኩት። በተረፈችኝ ዓይን። አሁን እሷም ከጥላና ከፀሐይ በቀር አትለይልኝም። ይሁን፣ ለክፉ አልዋለችም። ሁለተኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አትጻፍ።

ስለ ገመትከው ሁሉ አዎ አልልህም፣ አይደለም አልልህም። ሰው ሞተ ተብሎ ንስሐው አደባባይ አይወጣም። መቅረዙ ስለ ተገኘ ግን ደስ ብሎኛል።

ስለ ፍትሐት እኔን መጠየቅህ ይገርመኛል፤ መጽሐፉን ያስጠናኸኝ አንተ አይደለህም? ካህን በማንም ሟች ላይ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲል ያልተናገረውንም፣ ያልታወቀውንም እስራት ነው የሚፈታው። ያሰረው አፍና የፈታው አፍ አንድ ከሆነማ ምን ቀረ? ሳታውቅ አስረህ እንደ ሆነ ሳታውቅ ፈትተሃል። ተኛ፣ ዕረፍ።

እኔ ግን ገና አልሞትኩም። ሙታንን ስትፈታ እኔን ረሳኸኝ።

ልቀድስ አልመኝም። ዓይን የሌለው ካህን ጽዋ አይዝም፤ ያ አለፈ። ይህን ስጽፍ አላለቀስኩም ብልህ ዋሸሁ። መቁረብ ግን እፈልጋለሁ፤ እንደ ማንኛውም ገበሬ ቆሜ አፌን ከፍቼ። ለዚህ ደግሞ መፈታት አለብኝ። በደብዳቤ አይሆንም፣ በአፍህ ነው ያሰርከኝ። መንገዱ ደርቋልና ና።

በሕዝብ ፊት እናገራለሁ ላልከው፣ ከአፍህ የሚወጣው ያንተ የሆነው ብቻ ይሁን። የሰው አደራ በእኔ ላይ ለተሠራ በደል መካሻ አይሆንም።

ወልደ ሐዋርያት


ጋዝጊብላ፣ የካቲት 13 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ወልደ ሐዋርያት፣ በአቶ አስማረ በኩል።

ካንተ ዘንድ ተመልሼ በሰላም ገባሁ። ስወርድ የነበረኝ ጉልበት ስወጣ ከድቶኝ በየዛፉ ጥላ እያረፍኩ ነው የደረስኩ። እጄን በራስህ ላይ ጭኜ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ስል «አሜን» ያልከኝ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። የገዘትኩ ዕለትም እንዲሁ ነበር ያልከው፣ ሳታንገራግር። ቆርበህ ስትመለስ አንተ ደስ ብሎህ ስታወራኝ፣ እኔ እጅህን ይዤ፣ እግርህ ድንጋይ በመታ ቁጥር ልቤ ይደማ ነበር። ሁለት ዓመት ልትቀድስበት የነበረውን ዓይን እኔ በከንቱ አስጨረስኩህ። «ተወው» ብለኸኛል። እኔ ልተወው ብል እሱ አይተወኝም።

በተመለስኩ ሰሞን እሑድ፣ ያኔ በገዘትኩበት ቦታ ሕዝቡን አቆምኩ። መቅረዙን አወጣሁ። «ይህ ከገዛ ጎታዬ ወጣ። ቄስ ወልደ ሐዋርያት ንጹሕ ነው። የበደለ እኔ ነኝ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አልኩ። እልል ይላሉ ብዬ ነበር፤ እርስ በርስ ተያዩ። ቆይቶ ጓንጉል «ጎታው ውስጥ ማን ከተተው፣ አለቃ?» አለኝ። ደግሞ ጠየቀኝ። መሬት መሬት አየሁ።

አሁን አገሩ «ሌባው የገዘተው ራሱ ነበር» ይላል። አለቅነቱን ለሌላ ሰጥተው፣ እስኪጣራ ከመቅደስ ውጣ ብለውኛል። ጥሩአየሁ ውኃ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ትናንት «ተናገርና እንገላገል!» ብላ አለቀሰችብኝ። «ሆድ ይፍጀው» አልኳት፤ ያንተን ቃል ተውሼ። ልብህን ጠብቅ እያልኩ ስሰብክ የኖርኩት፣ ልብ እንዲህ እንደሚከብድ ሳላውቅ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻህ እንዴት ቻልከው?

መቅረዙ በቦታው ነው። ትናንት ለሚካኤል አበሩት። መጋረጃው ሲገለጥ ከደጅ ሆኜ አየሁት፤ ብርሃኑ እስከ በሩ ይደርሳል። ያን ጊዜ አንተን አሰብኩህ።

ከፋሲካ በኋላ ወርጄ አመጣሃለሁ፤ ቤቴ ቤትህ ነው፣ የምመራህም እኔ ነኝ። እስከዚያው አስማረ ደብዳቤዬን ጮክ ብሎ ቢያነብልህ አታስቁመው። ሰው ሊሰማው የማይገባ ነገር የለበትም።

ወንድምህ ገብረ ጻድቅ